በዩኒቨርሲቲ ግቢ የተቅማጥና የትውከት ወረርሽኝ ሲነሣ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በወሎ የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ ማለትም በደሴና በኮምቦልቻ፣ በወልድያ፣ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም፣ ለሚኖሩ ተማሪዎች፣ ለፕሮክተሮች (ለዶርም ተቆጣጣሪዎች)፣ ለካፌ ሠራተኞችና ለአስተዳደር ኃላፊዎች ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሰው ከአንድ ማእድ ቤት ይበላል፣ ከአንድ ሮቶ ይቀዳል፣ በአንድ ብሎክ ሽንት ቤት ይገለገላል፤ በመሆኑም የአንድ ቀን ቸልተኝነት ብዙ ሰው በአንድ ሌሊት ሊጥል ይችላል። አጠገቡ የታመመ ሰው ያለ አንባቢ ሌላውን ትቶ በቀጥታ «የዶርም ጓደኛዬ ታሟል» ወደሚለው ጥያቄ ይለፍ።

ስንት ሰው ሲታመም ነው ወረርሽኝ የሚባለው?

ብዙዎች ወረርሽኝ ለመባል መቶ ሰው መታመም ያለበት ይመስላቸዋል። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች አንድ ምግብ ወይም አንድ ውሃ ከተጋሩ በኋላ ተመሳሳይ ሕመም ካሳዩ ነገሩ እንደ ወረርሽኝ ሊጣራ ይገባዋል። ተቅማጥ የሚባለውም በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የላላ ወይም ውሃ የመሰለ ዓይነ ምድር ሲኖር ነው። በኮሌራ ጊዜ ግን በላቦራቶሪ የተረጋገጠ አንድ ሕመምተኛ ብቻውን ይበቃል።

በተግባር ምልክቱን ቀድሞ የሚያየው ሐኪሙ ሳይሆን ፕሮክተሩ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ በአንድ ብሎክ ሽንት ቤት ደጅ ወረፋ ካለ፣ ወይም በአንድ ጠዋት ከአንድ ፎቅ ብቻ አራት አምስት ተማሪ ወደ ክሊኒክ ከወረደ፣ ያ ወሬ እስኪነጋ ድረስ መቆየት የለበትም። ተማሪዎች ደግሞ በየዶርሙ ለብቻቸው ስለሚታመሙ እያንዳንዱ «የበላሁት አልተስማማኝም» ብሎ ያልፈዋል። አንድ ሰው ሁሉንም በአንድ ዝርዝር ላይ ካላሰፈራቸው በቀር ወረርሽኙ ለማንም አይታይም።

ምግቡ ነው ወይስ ውሃው? ይህስ እንዴት ይታወቃል?

የመጀመሪያው መሣሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። የጤና ባለሙያዎች ላይን ሊስት የሚሉት ይኸው ዝርዝር የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ብሎክና የዶርም ቁጥር፣ ሕመሙ የጀመረበትን ቀንና ሰዓት፣ ምልክቶቹን፣ ከመታመሙ በፊት በነበሩት ሦስት ቀናት የበላውንና የጠጣውን ይይዛል። ከእነዚህ ሁሉ እጅግ የሚጠቅመው ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት ነው፤ «ትናንት ማታ» ተብሎ መጻፍ የለበትም።

ሰዓቱ ብዙ ይናገራል። ሰዎቹ ከበሉ በኋላ በግማሽ ሰዓትና በስምንት ሰዓት መካከል ማስመለስ የጀመሩ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ስታፊሎኮከስ ወይም ባሲለስ ሲሪየስ የተባሉት ባክቴሪያዎች ምግቡ ውስጥ አስቀድመው የለቀቁት መርዝ ነው፤ ይህን መርዝ ምግቡን እንደገና በማሞቅ ማጥፋት አይቻልም። ከ6 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ያለ ትኩሳት ቁርጠትና ተቅማጥ ከመጣ፣ በትልቅ ድስት ተሠርቶ ቀስ እያለ የቀዘቀዘ ወጥ ይጠረጠራል። ከ12 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ትውከትና ተቅማጥ አብረው ከመጡና የታመመውን የሚያስታምሙትም መታመም ከጀመሩ ኖሮቫይረስ ሊሆን ይችላል። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ከትኩሳት ጋር ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከታየ ደግሞ ሺጌላ የተባለው ባክቴሪያ ይጠረጠራል።

ሕመምተኞቹ በጊዜ የተሰራጩበት መልክም እንዲሁ ይመረመራል። ሁሉም በአንድ ሌሊት ታመው በማግሥቱ ቁጥሩ ከወደቀ አንድ ማእድ ይጠረጠራል፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየታመመ ከቀጠለ ግን ውሃው ወይም ከሰው ወደ ሰው መተላለፉ ይታሰባል። በግቢዎቻችን የነን ካፌ ተማሪዎች መኖራቸው እዚህ ላይ ትልቅ እርዳታ ነው። ካፌ የማይበሉት ተማሪዎች ካፌ ከሚበሉት እኩል ከታመሙ ድስቱን ብቻ መውቀስ አይቻልም፤ ሁለቱም ወገን የሚጋሩት ቧንቧውንና ሽንት ቤቱን ነውና።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ጤነኞቹም መጠየቅ አለባቸው። ለምሳሌ ያህል፣ ሽሮ ከበሉ 80 ተማሪዎች 40 ቢታመሙ (50 በመቶ)፣ ሽሮ ካልበሉት 60 ደግሞ 6 ብቻ ቢታመሙ (10 በመቶ)፣ የበሉት የመታመም ዕድላቸው ካልበሉት አምስት እጥፍ ነው ማለት ነው። የታመሙትን 46 ብቻ ጠይቀን ቢሆን ኖሮ ሁሉም ዳቦና ሻይ እንደቀመሱ ሰምተን ዳቦውን እንኮንን ነበር። በተጨማሪም ሰው የሚጠረጥረው ሁልጊዜ መጨረሻ የበላውን ነው፤ ጥፋቱ ግን አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ቀድሞ የተበላው ሊሆን ይችላል።

የተረፈ ምግብ ካለ አይደፋ። በንጹሕ ዕቃ ተደርጎ፣ የተሠራበት ቀንና ሰዓት ተጽፎበት፣ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። የማእድ ቤት ሠራተኞች በእንዲህ ያለ ቀን ከፍርሃት የተነሣ መጀመሪያ የሚያደርጉት ድስቱን ፈትገው ማጠብ ነው። ኃላፊው አስቀድሞ «ማንንም ለመቅጣት አይደለም» ብሎ ካላረጋጋቸው ማስረጃው ከእጣቢው ጋር ይሄዳል። የዓይነ ምድር ናሙናም ፀረ ተህዋስያን መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት መወሰድ አለበት።

አተት ነው ብለን መጠርጠር ያለብን መቼ ነው?

አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ በአጭሩ አተት፣ በአገራችን ብዙ ጊዜ ኮሌራን ለመጥራት የሚያገለግል ስም ነው። የሩዝ እጥበት የመሰለ ብዙ ውሃማ ተቅማጥ፣ ብዙውን ጊዜ ያለ ትኩሳትና ያለ ቁርጠት፣ ጤነኛ የነበረን ወጣት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ዓይኑን ካጎደጎደውና ካዛለው ኮሌራ መጠርጠር አለበት። በሽታው ተህዋሱ ከገባ ከጥቂት ሰዓታት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ በጣም የታመመ አዋቂ በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ፈሳሽ ሊያጣ ይችላል።

የዓመቱን አቆጣጠርም ማየት ይገባል። መስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም ንግሥ ብዙ ሕዝብ አምባሰል ይወጣል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ግቢ የሚመለሱበት ጊዜም ከዚያ ብዙም አይርቅም። ብዙ ሰው በተሰበሰበበት፣ ሽንት ቤት ባነሰበትና የወራጅ ውሃና የጠበል ቦታዎች በተጨናነቁበት ሁሉ ተቅማጥ የመዛመት ዕድል ያገኛል። ይህ ማንም ከበዓሉ ይቅር ለማለት አይደለም። ክሊኒኩ በዚያ ሰሞን ተቅማጥ ይዞት የመጣን ተማሪ «ከየት መጣህ፣ ምን ውሃ ጠጣህ?» ብሎ ቢጠይቅ ግን ብዙ ቀን ይቀድማል።

የዶርም ጓደኛዬ ታሟል። ምን ላድርግለት?

ፈሳሽ ይስጡት፤ ከሁሉም የሚቀድመው ይህ ነው። አንዱን የኦ.አር.ኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የስኳርና የጨው ዱቄት) ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ፣ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ብርጭቆ ማጠጣት ነው። ካስመለሰ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ በጥቂት በጥቂቱ መቀጠል ይቻላል። ኦ.አር.ኤስ በእጅ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው መበጥበጥ ያገለግላል፤ ጨው ማብዛት ግን ይጎዳል። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋ። «ውሃ ከጠጣ ተቅማጡ ይብስበታል» የሚለው አነጋገር በየቤቱ የተለመደ ቢሆንም ሰው የሚገድል ስሕተት ነው፤ ምግብም ቢሆን መከልከል የለበትም።

የሚከተሉት ምልክቶች ካሉ ሌሊትም ቢሆን ወደ ክሊኒክ ወይም ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት፦ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ የሆዱ ቆዳ ቆንጥጠው ሲለቁት ቶሎ ካልተመለሰ፣ ሽንቱ ከቆመ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ደም ካስቀመጠው ወይም ግራ የመጋባት ነገር ከታየበት። ለክሊኒኩ ክምችት ግምት ይረዳ ዘንድ፣ ከባድ ድርቀት የደረሰበት 60 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ በሦስት ሰዓት ውስጥ 6 ሊትር ሪንገር ላክቴት የተባለ ፈሳሽ በደም ሥር ሊያስፈልገው ይችላል፤ ከዚህም 1.8 ሊትሩ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይሰጣል። በመጋዘን ስንት ጠርሙስ እንዳለ ወረርሽኝ ሳይመጣ መቁጠር የሚገባው ለዚህ ነው።

ታማሚው ጾመኛ ከሆነ ጉዳዩ ሊያሳስበው ይችላል። በእስልምና የታመመ ሰው ጾሙን ፈትቶ በኋላ መክፈል ተፈቅዶለታል፤ ክርስቲያኑም ከንስሐ አባቱ ጋር ሊነጋገር ይችላል። እስከዚያው ግን ኦ.አር.ኤሱ አይዘግይ።

ፋርማሲ ሄጄ ሲፕሮ ገዝቼ ብወስድስ? ፌጦስ?

አብዛኛው የግቢ ተቅማጥ ያለ ፀረ ተህዋስያን መድኃኒት በራሱ ይድናል፤ በቫይረስ የመጣውን ደግሞ ሲፕሮም ሆነ ፍላጂል ምንም አያደርጉትም። ያለ ትእዛዝ መውሰድ የናሙናውን ውጤት ያበላሻል፣ መድኃኒቱን የተላመደ ተህዋስም ያፈራል። ተቅማጥ የሚያቆመው ሎፐራሚድም ትኩሳት ወይም ደም ባለበት ተቅማጥ መወሰድ የለበትም። ፌጦ በሎሚ የለመደ ሰው ቢቀምስ አንከለክልም፤ ነገር ግን የጠፋውን ውሃና ጨው አይተካም። አረቄ ግን ድርቀቱን ያባብሰዋል።

ክሊኒክ ተመርምሬ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ተባልኩ። እንግዲህ ምክንያቱ ታወቀ ማለት ነው?

አይደለም። ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ በደም ውስጥ ያለ ፀረ እንግዳ አካልን እንጂ ተህዋሱን ራሱን አያይም፤ ከዚህ በፊት የነበረ ሕመምም ሆነ ሌላ ተህዋስ አዎንታዊ ሊያደርገው ይችላል። ታይፎይድ ብዙ ጊዜ ተህዋሱ ከገባ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ እየጨመረ በሚሄድ ትኩሳት የሚገለጥ እንጂ 50 ሰው በአንድ ሌሊት የሚያስመልስ በሽታ አይደለም። በእኔ አስተያየት በየካርዱ ላይ ይህ ቃል በቀላሉ መጻፉ ብዙ ወረርሽኞችን ሸፍኖ ያሳለፈ ልማድ ነው፤ ሁሉም የየራሱን «ታይፎይድ» ይዞ ወደ ዶርሙ ይመለሳልና ማንም አይቆጥረውም።

በካፌው ማእድ ቤት ምን መለወጥ አለበት?

መጀመሪያ የታመመ ሠራተኛ ከሥራ ይውጣ። ተቅማጥ ወይም ትውከት የነበረበት ሰው ምልክቱ ሙሉ በሙሉ ከቆመ 48 ሰዓት ሳይሞላው ምግብ መንካት የለበትም። ይህ ደንብ በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ የቀን ሠራተኛዋ በቀረችበት ቀን ደመወዟ የሚቆረጥ ከሆነ ግን ሕመሟን ደብቃ ትገባለች። ስለዚህ በወረርሽኝ ጊዜ የሕመም ቀን ክፍያ መስጠት ቸርነት ሳይሆን የመከላከያ ወጪ ተደርጎ መያዝ አለበት።

ሁለተኛው የድስቱ ነገር ነው። የአንድ ትልቅ ድስት ሽሮ ወይም ምስር ወጥ ተከድኖ ሲያድር ከላይ የቀዘቀዘ ቢመስልም፣ ጭልፋው ወደ መሐሉ ሲገባ ገና ለብ ያለ ነው። ያ ለብታ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ለተባለው ባክቴሪያ የተመቸ ነው፤ የባክቴሪያው ዘር በመፍላት አይሞትም፣ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በጥቂቱ ከፍ ባለ ሙቀትም በአሥር ደቂቃ ገደማ ራሱን እጥፍ ሊያደርግ ይችላል። አደገኛው ክልል ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ያለው ነው። የተሠራ ወጥ እስኪቀርብ ከ60 ዲግሪ በላይ ይቆይ፤ ለነገ የሚተርፍ ከሆነ ጥልቀት በሌላቸው ሰፋፊ ዕቃዎች ተከፋፍሎ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ 21 ዲግሪ፣ በቀጣዮቹ አራት ሰዓታት ወደ 5 ዲግሪ ይውረድ። ማቀዝቀዣ የሌለው ማእድ ቤት የተረፈን ምግብ ማሳደር የለበትም። ደሴ ብርድ ናት፣ ኮምቦልቻ ትሞቃለች፤ የድስቱ መሐል ግን ለሁለቱም ከተማ ያው ነው።

በጾም ወራት ይህ ችግር ይበዛል። በወሎ ግቢዎች የሁለቱም ሃይማኖት ተማሪ በአንድ አዳራሽ ይመገባል። በረመዳን ከሰዓት የተሠራው ለኢፍጣር፣ ማታ የታደለው ደግሞ ለሱሁር ይቆያል፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ ምሳው ከቀኑ 9 ሰዓት አልፎ ለሚበላ ተማሪ ይቀመጣል። በፌስታል ወይም በምሳ ዕቃ ዶርም ውስጥ ለሰባትና ለስምንት ሰዓት የሚቆይ ወጥ ከማደል ይልቅ፣ ሁለተኛ ተረኛ ተመድቦ የሱሁሩን ምግብ በሰዓቱ ማብሰል ይሻላል። ይህ ካልተቻለ ሳይበላሹ የሚቆዩ እንደ ዳቦ፣ ቴምርና ለውዝ ያሉ ምግቦች ይታደሉ።

እንጀራ በኮምጣጣነቱ ለብዙ ባክቴሪያ አይመችም፤ የሚቆርጠውና የሚያድለው እጅ ግን ይመቻል።

የግቢውን ውሃ እንዴት እናምነው?

በመለካት። ሮቶው ውስጥ የቀረው ነፃ ክሎሪን በፑል ቴስተር ይለካል፤ ይህ ውሃው ውስጥ ኪኒን ጨምሮ የሚታየውን ቀለም ከመለኪያው ጋር የሚያስተያዩበት ትንሽ ዕቃ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ በቧንቧው ጫፍ ቢያንስ በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም መገኘት አለበት። 10,000 ሊትር ለሚይዝ ሮቶ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ክሎሪን ለመስጠት ከ65 እስከ 70 በመቶ ጥንካሬ ያለው የካልሲየም ሃይፖክሎራይት ዱቄት 30 ግራም ገደማ ያስፈልጋል። ዱቄቱ መጀመሪያ በባልዲ ውሃ ተበጥብጦ ይጨመር፤ ከ30 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ። ሮቶው ደለል ከያዘ ክሎሪኑን ደለሉ ይበላዋልና አስቀድሞ ይታጠብ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ግቢዎች ተማሪው በጀሪካን ያጠራቅማል። እዚያ ላይ ያለው ስሕተት ብዙውን ጊዜ ከቀዱ በኋላ የሚሠራ ነው፤ ስድስት ሰው አንድ ኩባያ ከነእጁ ጀሪካኑ ወይም ባልዲው ውስጥ ይነክራል። አፈ ጠባብ ጀሪካን አዘንብሎ መቅዳት፣ ውሃ አጋር የተባለውን የክሎሪን ፈሳሽ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ በቂ ነው። የሚያፈላ ሰው ደግሞ ከፍታውን ያስብ። ደሴ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ባሉ ቦታዎች ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል።

ትውከትና ሽንት ቤት በምን ይጸዳ? ሳኒታይዘር ይበቃል?

5 በመቶ ጥንካሬ ያለው በረኪና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ ሲበጠበጥ 0.5 በመቶ ይሆናል። ትውከቱ መጀመሪያ በወረቀት ወይም በጨርቅ ተጠርጎ ይነሣ፤ ከዚያ ብጥብጡ ፈስሶበት አሥር ደቂቃ ይቆይ። ጓንት ይደረግ፣ መስኮት ይከፈት። በረኪና ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ከተቀላቀለ መርዘኛ ጋዝ ይወጣል፤ ሁለቱን ፈጽሞ አያገናኙ። ብጥብጡ በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ። የበር እጀታ፣ የቧንቧ መክፈቻና የፎቅ ደረጃ መደገፊያ ከወለሉ ይልቅ ትኩረት ይሻሉ።

ሳኒታይዘር ኖሮቫይረስን በደንብ አይገድልም። ሳሙናና ወራጅ ውሃ ይበልጣል፤ ሳሙና ከታጣ ዐመድም ያገለግላል።

ግቢው ተዘግቶ ተማሪው ወደ ቤቱ ቢሄድ አይሻልም?

አብዛኛውን ጊዜ አይሻልም። ተማሪው ከየክልሉ የመጣ ነው፤ ከደሴ መናኸሪያ በአንድ ጠዋት የሚወጡት አውቶቡሶች በሽታውን ኦ.አር.ኤስ ወደማይገኝበት ገጠር ይዘውት ሊሄዱ ይችላሉ፤ በመንገድ የሚታመመውም ሕክምና ያጣል። ግቢ ውስጥ ቢያንስ ክሊኒክ፣ ዝርዝርና አምቡላንስ አለ። ንጹሕ ውሃ ማቅረብ ፈጽሞ ካልተቻለ ግን ውሳኔው ሌላ ነው፤ እሱም ከጤና ቢሮው ጋር ተመክሮበት መሆን አለበት።

ፈተና ሊያመልጠኝ ነው። ታምሜም ቢሆን ብገባስ?

አይግቡ። ተማሪዎች ሕመም የሚደብቁበት ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው። ክሊኒኩ በዝርዝሩ ላይ ለሰፈረ ተማሪ ሁሉ ማስረጃ ሊሰጥ፣ ዲኖችም ሜክአፕ ፈተና እንደሚኖር በመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ሊያሳውቁ ይገባል። ማስታወቂያው በዘገየ ቁጥር ዝርዝሩ ይሳሳል።

ለማን ነው የሚነገረው? የግቢው ስም አይጠፋም?

ተማሪው ለፕሮክተሩ ወይም ለክሊኒኩ፣ ክሊኒኩ ደግሞ ለወረዳው ወይም ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ያሳውቃል። ኮሌራ ሲጠረጠር ማሳወቂያው በ30 ደቂቃ ውስጥ መድረስ እንዳለበት የአገሪቱ የጤና አደጋዎች አያያዝ መመሪያ ያዛል። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነፃ የስልክ መስመር 8335 ነው።

ስምን በተመለከተ፣ አስተዳደሩ ዝም ባለበት ሰዓት የተማሪዎቹ ቴሌግራም አይዘጋም። የታማሚ ቁጥር፣ እየተደረገ ያለው ነገርና ቀጣዩ መግለጫ የሚወጣበት ሰዓት በየቀኑ ቢነገር፣ «ሰው ሞቷል» የሚለው ወሬ ቦታ ያጣል። የታመሙት ተማሪዎች ስም ግን በማናቸውም ማስታወቂያ ላይ መውጣት የለበትም፤ የተጠረጠረችው ወጥ ሠሪ ስምም እንዲሁ።

ወረርሽኙ አበቃ የሚባለው መቼ ነው?

የበሽታው ረጅሙ የመፈልፈያ ጊዜ (ተህዋሱ ከገባ እስከ መታመም ያለው ጊዜ) ሁለት እጥፍ ያህል አዲስ ታማሚ ሳይታይ ሲያልፍ ነው። ለኖሮቫይረስ ይህ ከመጨረሻው ታማሚ በኋላ አራት ቀን ይሆናል፤ ቫይረሱ ግን ከዳነ ሰው ሰገራ ጋር ለሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊወጣ ስለሚችል የእጅ መታጠቢያው ሳሙና በአምስተኛው ቀን መነሣት የለበትም። ኮሌራ ከነበረ በትንሹ አራት ተከታታይ ሳምንታት የተጠረጠሩት ሁሉ በምርመራ ነፃ መሆን አለባቸው። ካፌው በመካከሉ ተዘግቶ ከነበረ፣ ሮቶው ታጥቦ ክሎሪኑ ከተለካና ታመው የነበሩት ሠራተኞች 48 ሰዓታቸውን ከጨረሱ በኋላ ይከፈታል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚቀርበውም ተሠርቶ የሚቆይ ሳይሆን ከእሳት ወርዶ ወዲያው የሚበላ ቢሆን ይመረጣል።